መርዶ በምርጫ ማግስት

የሰው ልጅ ከሰው ልጅ ጋር በብዙ ማሰሪያ ይተሳሰራል፤ በጥቅም ይተሳሰራል፥ በሥጋ ዝምድና ይተሳሰራል፥ በማዕድና በጽዋ ይተሳሰራል፤ ከእነዚህ ማሰሪያዎች ሁሉ ግን አብሮ በማልቀስ የተቋጠረውን ያህል ጽኑዕና ረቂቅ፥ ሲበጠስም ያንኑ ያህል መሪርና አስጨናቂ የሆነ አይገኝም። በደስታችን ቀን የመጣውን እንግዳ ከብዛቱ የተነሣ እንረሳዋለን፤ በጨለማችን ቀን ከአጠገባችን ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሰው ግን፥ ጫማው ምን ዓይነት እንደ ነበረ እንኳ ሳይቀር፥ እስከ ዕለተ ሞታችን እናስታውሰዋለን። ክቡርና አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በታች የሚተረከው በዚሁ ማሰሪያ ወደ ላይ የወጣ፥ በዚሁ ማሰሪያም ተጠልፎ የወደቀ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ሰውየውም በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኝ ሃርዊክ በምትባል ካውንቲ፥ ማለት አውራጃ፥ በመጀመሪያ የምክር ቤት አባል፥ ቀጥሎም የግዛቲቱ ሸንጎ እንደራሴ የነበረው ልሳነወርቅ አድማሱ ነው።

ልሳነወርቅ ወደዚያች ምድር ሲገባ ከእጅ ሻንጣው በቀር ያስከተለው ግርማ ሞገስ አልነበረም፤ በከተማይቱ እምብርት፥ ከአንድ ረጅም ሕንፃ ሥር በተቆፈረ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፥ ፀሐይ በማትደፍረው ሥፍራ ትኬት እየቆረጠ ብዙ ዘመን ኖረ። ከዚያ ጕድጓድ ያወጣው ትምህርቱ አይደለም፥ ስሙ የመሰከረለት ርቱዕ አንደበቱም ብቻ አይደለም፤ ያወጣው ለቅሶ ነው። ከሀገሩ ልጆች አንዱ፥ ዘመድ አልባ የታክሲ ነጂ፥ መሪውን እንደ ጨበጠ ነፍሱ በወጣች ጊዜ፥ ልሳነወርቅ የአለቃውን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሥራውን ጥሎ ሬሳውን ተቀበለ፥ በየመንገዱ ድንኳን መትከል በማይፈቀድበት ሀገር የአንድ ቤት ምድር ቤት አስለቅቆ ወንበር ደረደረ፥ ለማያውቀው ሰው የሚያለቅስ ሕዝብ ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ በሃርዊክ ሐበሻ ሞቶ ልሳነወርቅ የቀረበት ለቅሶ አልተሰማም፤ ቀድሞ የሚገባ እርሱ፥ ንፍሮ የሚያዞር እርሱ፥ ሰዉ ሲበተን ወንበር አጣጥፎ መጨረሻ የሚወጣ እርሱ ነበረ፤ የትኛው ሐዘንተኛ በቀልድ ሊነቃ፥ የትኛው ደግሞ እስኪበቃው ሊተው እንደሚገባ እንደ ባለ መድኃኒት ለይቶ ያውቅ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዳምጠው፥ በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ተራ ላይ የሸበቱ አዛውንት፥ አንድ ቀን ከቀብር መልስ፥ «ጎበዝ፥ ይህ ልጅ ለሙታናችን እንዲህ ከሆነ ሕያዋኑን ብንሰጠውማ ምን ሊያደርግልን ነው!» ቢሉ ሰዉ ሐዘኑን ረስቶ ሣቀ፤ ሣቁም ሳይበርድ ለካውንቲው ምክር ቤት እንዲወዳደር ተቈረጠ። ነጂዎቹ ሽማግሌዎቹን ወደ ምርጫ ጣቢያ እያመላለሱ፥ ሴቶቹ በየደጁ እያንኳኩ፥ ልጆቻቸው እንግሊዝኛውን እያሳመሩ ወደ ወንበሩ አወጡት።

ነገር ግን ሐበሻው የሚኖርበት የሃርዊክ ደቡብ ብቻውን ሰውን ከካውንቲ ወደ ግዛት አያሻግርም፤ ሰሜኑ የገበሬና የነባር ቤተሰብ አገር ነው፥ እንግዳ ስም ቶሎ አይለምድም። በዚያ በሰሜን ሃሮልድ ፔቲ የሚባሉ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አለቃ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ባረፈች ሰሞን ልሳነወርቅ ጋሽ ዳምጠውንና ሌሎችን አስከትሎ፥ ድስት ተሸክሞ፥ በራቸውን አንኳኳ። ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርገው «ምን ልርዳችሁ?» ቢሉ፥ «ምንም፤ ልንቀመጥ ነው የመጣነው» ብሎ መለሰ፤ ገብተውም ተቀመጡ። እኒያ ቁመተ ረጅም ፈረንጅ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፥ ቀጥሎ ሰዓታቸውን አዩ፥ በመጨረሻ ግን የሚስታቸውን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርደው ለማያውቋቸው ሰዎች እያሳዩ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጋሽ ዳምጠው ጎንበስ ብለው በጥሩ አማርኛ «አይዞህ ወንድሜ፥ አውጣው» አሏቸው፤ የገባቸው ይመስላል። ከዚያ ወዲህ የልሳነወርቅ ስም የተጻፈበት የምርጫ ሰሌዳ በሰሜን በየደጁ ሣር ላይ በቀለ፤ እርሱም ወደ ግዛቲቱ ሸንጎ ወጣ፥ ከረባት አሠረ፥ ክቡር ተባለ። በሸንጎው ጥቂት ዓመት እንደ ተቀመጠ ግን የበጀት ጕድለት መጣ፥ ትንንሽ የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን የሚያጥፍ ሕግ ቀረበ፥ ልሳነወርቅም ከፓርቲው ጋር ሆኖ እጁን አወጣ፤ የሃሮልድ ፔቲ ጣቢያም ተዘጋ። ሽማግሌው አልተሳደቡም፤ ሰሌዳውን ብቻ ከሣራቸው ላይ ነቀሉት፥ ጎረቤቶቻቸውም እንደ እርሳቸው አደረጉ። በዓመቱ ልሳነወርቅ ለካውንቲው አስተዳዳሪነት፥ ማለት በዚያች ምድር ላለው ከፍተኛ ወንበር በተወዳደረ ጊዜ አማካሪዎቹ፥ «ሰሜኑ ቆስሏል፤ የመጨረሻውን ሳምንት እዚያ ሁን፥ በረንዳቸው ላይ ተቀመጥ፥ ይቅርታ ጠይቅ» ብለው መከሩት፤ እርሱም እሺ ብሎ ነበር።

ይህን ወንበር የተመኘው ስለ ክብር ብቻ አልነበረም፤ «አንቺ በጀርባሽ ያዘልሽው ልጅ ይኸው የአንድ አገር ገዥ ሆነ» ብሎ ሊነግራት የሚናፍቃት አንዲት ሴት በወልድያ ነበረችው። እርሷም ታላቅ እኅቱ ጥሩአየር ናት፤ እርሱ «እቴቴ» ይላታል። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት በተስቦ ሲያልቁ ገና ጡት ያልጣለ ወንድሟን አዝላ፥ ሳታገባና ሳትወልድ፥ በስፌት መኪና የሰው ልብስ እየሰፋች አሳደገችው። በየእሑዱ ሲደውልላት ሰላምታዋ፥ «ዛሬስ ማንን ቀበርክ?» የሚል ነበር፤ እርሱም የሰሞኑን ቀብር ሲተርክላት እያዘነችም እየሣቀችም ትሰማዋለች። ይህች ሴት የምርጫው ቀን ሲቃረብ በመኝታዋ ላይ እንዳለች አረፈች። የወልድያ ዘመዶችም ለባለ ሐዘኑ አልደወሉም፤ ሥርዓቱ እንደሚያዝዘው ለጋሽ ዳምጠው ደወሉ። በእኛ ዘንድ ሞትን በስልክ መንገር ሰውን ከገደል እንደ መግፋት ይቈጠራልና፥ መርዶ በጎሕ፥ ወዳጅ ተሰብስቦ፥ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ፥ ባለ ጉዳዩ ከደጁ ሳይወጣ ይነገራል፤ ተማሪ ፈተና ካለበት፥ ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች፥ ጉዳያቸው እስኪያልፍ ይጠበቃል።

ጋሽ ዳምጠው የልሳነወርቅን ሚስት የሺእመቤትንና ጥቂት ታማኞችን በእድሩ አዳራሽ ሰብስበው በሩን ዘጉ። «ዛሬ ብንነግረው ሁሉን ጥሎ ይበራል፤ እርሷ እንደ ሆነች ተቀብራለች፥ አፈሯን እንጂ ፊቷን አያገኝም። ዕድሜውን ሙሉ የደከመበትን ወንበር በእኛ አፍ እናስጥለው?» አሉ። የቅመም ሱቅ ያላቸው እትዬ ማንጠግቦሽ፥ «ኋላ ሲሰማ ሐዘኔን ቀማችሁኝ ቢለንስ?» ብለው ቢከራከሩ፥ «ይበለን፤ አሸንፎ ይበለን» ሲሉ መለሱላቸው። ያን ጊዜ የሺእመቤት፥ «እናንተስ ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ፤ እኔ አንድ አልጋ ላይ እያደርኩ በምን ዓይኔ ልየው? እንባዬንስ የት ልድፋው?» ብላ ጮኸች። ጋሽ ዳምጠው፥ «ልጄ፥ ሽንኩርት ክተፊ» አሏት፤ እርሷም በእውነት አንድ ከረጢት ሽንኩርት ገዝታ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚህ በኋላ በፌስቡክ ላይ እንኳ «ነፍስ ይማር» የሚል ቃል እንዳይጻፍ ተማማሉ፤ ወልድያ ሲደውል «እቴቴ ጸበል ገብታለች፥ እዚያ ስልክ አይሠራም» እንዲሉት ለዘመዶቹ ተነገረ። በመጨረሻም ሽማግሌው፥ «ፊቱ የሚያሳብቅበት ሁሉ ከልጁ ዓይን ይራቅ» ብለው አዘዙ፤ ወዮ፥ የሰው ልጅ ፍቅር ከሰጠው ትእዛዝ ሁሉ ያን ያህል ጥፋት ያስከተለ ጥቂት ነው።

ልሳነወርቅ ስለ ጸበሉ የተነገረውን ያለ ጥርጥር ተቀበለ፤ እኅቱ ጉልበቷን ያማት ነበርና። ያልተቀበለው የወዳጆቹን ፊት ነው። በታክሲው ተራ ላይ ተፈራወርቅ የሚባል ነጂ ነበረ፥ እርሱን ባየ ቍጥር ከሩቅ «ክቡርነትዎ! የትራፊክ ቅጣቴን መቼ ነው የሚሽሩልኝ?» እያለ ተራውን ሁሉ የሚያስቅ፤ ያን ሰሞን ግን ልሳነወርቅ ሲመጣ አይቶ መስተዋቱን ዘጋ፥ ከወንበሩ ሥርም የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብሎ ቀረ። ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ሱቅ ቢገባ ጀርባቸውን ሰጥተው የበርበሬውን ፌስታል ከመደርደሪያ ያወርዱና መልሰው ይሰቅሉ ጀመር። «እትዬ፥ ተቀየሙኝ እንዴ?» ቢላቸው፥ «በስመ አብ! ምን በድለኸኝ? ሥራ በዝቶብኝ ነው፥ ሥራ» አሉ፤ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፥ መንቀጥቀጡም ለእርሱ ጆሮ የሐሰት መንቀጥቀጥ መሰለው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን የሚስሙት ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ከቤቱ ሲገባ ደግሞ ሚስቱ ዓይኗ ቀልቶ ከመክተፊያው ላይ አቀርቅራለች። «ዛሬም ሽንኩርት? ድግስ አለብን እንዴ?» አላት። «ለድሉ ቀን ነው» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ያን ጊዜ በልቡናው የክህደት ትርጓሜ ተወለደ። በሸንጎው ሳለ የታክሲውን ገበያ የሚሻሙትን፥ በስልክ የሚጠሩ መኪኖችን የሚፈቅደውን ሕግ ማስቆም ባለመቻሉ ነጂዎቹ ቂም ይዘውበት እንደ ነበረ አስታወሰ፤ በዚህ ተነሥተው ለባላጋራው አድረዋል ብሎ ቈረጠ። አማካሪው ደውላ፥ «የሰሜን ሰዎች ይጠብቁሃል፤ ሃሮልድ ፔቲ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተዋል» ብትለው፥ «ቤቴ እየተናደ የጎረቤት አጥር አላጥርም» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ የመጨረሻይቱን ሳምንት በሙሉ በደቡብ፥ ከሱቅ ወደ ሱቅ፥ ከፀጕር ቤት ወደ ፀጕር ቤት፥ ያልጠፋ ሕዝብ ሲፈልግ ሰነበተ። በመጨረሻም ጋሽ ዳምጠውን በእድሩ አዳራሽ ብቻቸውን አገኛቸው። «ጋሼ፥ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከድታችሁኛል?» አላቸው። ሽማግሌው የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፥ «እኔ ዛሬ የምነግርህ ነገር የለኝም፥ ልጄ። ወደ ሰሜን ሂድ» አሉት። «እርስዎም ያባርሩኛል እንግዲህ?» አለ ልሳነወርቅ። «ከምርጫው በኋላ እንነጋገራለን።» «ከምርጫው በኋላ የምንነጋገረው አይኖርም፥ ጋሼ።» ጋሽ ዳምጠው አፋቸውን ከፈቱ፤ ያቺ ቃል ከከንፈራቸው ደርሳ ነበር፥ ብትወጣም ኖሮ አንድ ወንበር ይታጣ እንደ ሆነ እንጂ አንድ ሰው ባልታጣ፤ ነገር ግን ያስማሉትን ሕዝብ አሰቡና መልሰው ዋጧት። እርሱም በሩን በኃይል ወርውሮት ወጣ።

በምርጫው ዕለት የደቡብ ሕዝብ ጎሕ ሳይቀድድ ተነሣ። ተፈራወርቅና ባልንጀሮቹ የቀኑን ገቢ ሠውተው የታመመውን በክንድ እየደገፉ፥ ያረጀውን በጀርባ እያዘሉ ወደ ጣቢያው አጋዙት፤ ሁሉም ድምፁን የሰጠው ለልሳነወርቅ ነበረ። እርሱ ግን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያን ረጅም ሰልፍ ሲያይ፥ አንድ እጅ እንኳ ለሰላምታ ስላልተነሣለት፥ ሊጥሉት የተሰለፉ መሰለው። በሰሜን ግን ሰልፉ አልረዘመም፥ ውጤቱም አላጠራጠረም፤ በረንዳው ላይ የተጠበቀው ሰው ሳይመጣ ስለ ቀረ፥ ድምፁ ለሌላው ሄደ። በምሽቱ፥ ደጋፊው በተሰበሰበበት የሆቴል አዳራሽ፥ ልሳነወርቅ መሸነፉ ተነገረ፤ የትኛው መንደር ለማን እንደ መረጠ ግን ገና አልተዘረዘረም ነበር። ወደ መድረኩ ወጥቶ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ባላጋራውን እንኳን ደስ ያለህ አለ፥ ፓርቲውንም አመሰገነ። ከዚያ ከኋላው ግድግዳ ተደግፈው ወደ ቆሙት የሀገሩ ልጆች ዞሮ በአማርኛ እንዲህ አለ፦ «ሙታናችሁን ስቀብር ኖሬአለሁ፤ ወንበራችሁን ስደረድር፥ እንባችሁን ስጠርግ ኖሬአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ለቅሶአችሁ ለቅሶዬ አይደለም፤ ብትሞቱ አልቀብራችሁም፥ ብሞት አትቅበሩኝ፥ ደጄንም እንዳትረግጡ!» ቋንቋውን የማያውቁት ፈረንጆች ምስጋና መስሏቸው በሞቀ ጭብጨባ ተቀበሉት። ተፈራወርቅ፥ «ኧረ ዝም በል በእመቤቴ!» ብሎ በቁሙ አቃሰተ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወተፉ። ከሆቴሉ ደጅ ወጥተው ሲቆሙ አንዱ፥ «ደጄን አትርገጡ ብሎናል እኮ፤ እንዴት ነው ነገ የምንሄደው?» ቢል፥ ጋሽ ዳምጠው፥ «ሐዘንተኛ መሆኑን ያላወቀ ሐዘንተኛ የተናገረው ቃል አይያዝበትም። በጎሕ እንገናኝ» አሉ።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ልሳነወርቅ ሳይተኛ ያደረበትን ሸሚዝ እንደ ለበሰ ወጥቶ ቢከፍት፥ በጭጋጉ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ጥቁር ለብሶ፥ ነጭ ነጠላ ደርቦ፥ ሣሩን ሞልቶ ቆሟል። «ለዕርቅ ከሆነ ተመለሱ» አለ። ጋሽ ዳምጠው ባርኔጣቸውን አውልቀው፥ «ለዕርቅ አይደለም፥ ልጄ» አሉት። ያን ጊዜ ዓይኑ የሰዎቹን አቋቋም አየ፤ ተፈራወርቅ በቀኙ ተጠግቷል፥ ሌላ ጕልበታም ሰው በግራው፥ አንዱ ከኋላ ወገቡን ሊይዝ ተዘጋጅቷል፥ እትዬ ማንጠግቦሽ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ይዘዋል። ይህን አቋቋም ያስተማራቸው እርሱ ራሱ ነበረ፤ ለስንቱ ሰው ደጅ ላይ ማን በቀኝ፥ ማን በግራ እንደሚቆም ሲደለድል ኖሯልና፥ ቃሉ ሳይነገር ነገሩ ገባው። ዞሮ ቢያይ ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «እቴቴ ናት?» አለ። ተፈራወርቅ ቀኝ ክንዱን ያዘው። «መቼ?» «ሰንብቷል፥ ልጄ» አሉ ጋሽ ዳምጠው።

ለካ ያ የተዘጋ መስተዋት እንባ ነበረ፤ ለካ ያ የተንቀጠቀጠ ድምፅ፥ ያ የወረደና የተሰቀለ በርበሬ፥ ያ የተከተፈ ሽንኩርት ሁሉ እርሱን ከመውደድ የመጣ ነበረ። ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ከጩኸቱ ቀድሞ፥ እርሱ ራሱ ሳያዝዘው፥ በአፉ ውስጥ ሲመላለስ ያደረ ሌላ ጥያቄ አመለጠው፦ «ድምፃችሁንስ? ድምፃችሁን ለማን ሰጣችሁ?» በዙሪያው ያለው ሁሉ ደነገጠ። ተፈራወርቅ ክንዱን እንደ ያዘ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፥ «ለአንተ ነዋ! ለማን ልንሰጥ ኖሯል?» አለው። ያን ጊዜ ባይይዙት ኖሮ በወደቀ ነበር። እናት የሆነችለት እኅቱ መሞቷን በሰማባት በዚያች ቅጽበት ከአንደበቱ የወጣው የእርሷ ስም ሳይሆን የምርጫ ነገር መሆኑን ከእርሱ በቀር ማንም አልቈጠረበትም፤ እርሱ ግን ቈጠረው።

ሕዝቡም ደጄን አትርገጡ ባለው ሰው ደጅ ተቀመጠ፤ ወንበር ደረደረ፥ ንፍሮ አዞረ፥ ሌሎች ሲሄዱ ሌሎች እየተተኩ ሐዘኑን አስወጣው። አንድ ጊዜ ልሳነወርቅ ከጋሽ ዳምጠው እግር ሥር ሊወድቅ ቢነሣ፥ ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው፥ «አርፈህ ተቀመጥ፤ ማታ የተባለውን እኛ አልሰማንም» አሉት፤ ከዚያም ወዲያ ማንም አላነሣበትም። ይህ አለመነሣቱ ግን ከወቀሳ ሁሉ የከበደ ሆነበት፤ ቢሰድቡት ይመልስ ነበር፥ ቢከሱት ይሟገት ነበር፥ ዝም ላሉት ሰዎች ግን የሚመልሰው አጣ። ዳግመኛ ለወንበር አልተወዳደረም። ለቅሶ ቤት መሄዱን ባይተውም ከውስጥ ገብቶ ማጽናናት ተሳነው፤ ከደጅ፥ ለቀስተኛው ካወለቃቸው ጫማዎች አጠገብ ተቀምጦ ይውላል፤ የሚያውቁት ሁሉ «ግባ እንጂ» ይሉታል፥ እርሱም «ይመቸኛል» ይላል። ከዓመታት በኋላ ጋሽ ዳምጠው ባረፉ ጊዜ ቄሱ የመጀመሪያውን አፈር እንዲጥል አካፋውን ወደ እርሱ ቢያቀብሉ፥ «ብትሞቱ አልቀብራችሁም» ያለው ትዝ ብሎት አካፋውን እንደ ያዘ ቀረ፤ በመጨረሻም ተፈራወርቅ ከኋላው መጥቶ እጁን በእጁ ላይ ደረበና፥ አፈሩን ሁለቱም ባንድነት ጣሉት።

ሰው የሌላውን ፊት በራሱ ፍርሃት ብርሃን ያነባልና፥ ከድንቁርና ሁሉ የከፋው ፊደል አለማወቅ ሳይሆን የሚወድዱንን ሰዎች ዝምታ በጥላቻ መተርጎም ነው፤ ያንንም ትርጓሜ አንዴ በአደባባይ ከተናገሩት፥ ይቅር የሚል ሕዝብ ቢገኝ እንኳ የሚረሳ ጆሮ ለተናጋሪው አይሰጠውም።